መልሱን አትንገሩኝ፣ ፍንጭ ብቻ

እባካችሁ ወዳጆቼ፣ ደሴ ቁጭ ብዬ የዛሬው ጋዜጣ መስቀለኛ ቃላት ላይ ቀጥ ብያለሁ። አግድም 9፣ 4 ፊደል፦ «ስንቁን ቅመስ ቢለው ወጥ ማጣፈጫ ሆነ።»

እንደ ሰምና ወርቅ እንደሚፈታ ገብቶኛል። «ልጅ በግዕዝ፣ ከሩቅ ጠቋሚ ጋር፤ የወሎ ከተማ» የሚለውን «ወልድ» እና «ያ» ብዬ ለያይቼ ወልድያን አገኘሁ። እንዴት ደስ እንዳለኝ!

ይሄኛው ግን እምቢ አለ። መጀመሪያ በርበሬ ብዬ ሞላሁት። ወደ ታች ላሊበላ ሲገባ የመጨረሻው ፊደል «ላ» ሆነ። በላጲስ ሳጠፋ ወረቀቱ ሊቀደድ ደረሰ።

ስንቁ ምን ዓይነት ነው? «ቅመስ» ራሱ ይገባል ወይስ ሌላ ትእዛዝ? ቡናው በረካ ደርሷል፣ እኔ እዚያው ነኝ። የመጀመሪያውን ፊደል እንኳ ጠቁሙኝ።