ደብረ ማርቆስ ያለው ቤት ላይ ፋየርዎል ማስገባት

ከሚኒያፖሊስ፦ ጤና ይስጥልን፣ የጎጃም ልጆች። ማርቆስ ያለው የወላጆቼ ቤት አራት ካሜራና አንድ መቅጃ አለው፤ ሁሉም ከቴሌ ሞደም ጋር ነው የተያያዘው። ለክረምት ስገባ ፋየርዎል (የኢንተርኔቱን መግቢያና መውጫ የሚጠብቅ መሣሪያ) ላስገባ ነው፤ ምን ይዤ ልሂድ? ካሜራውን ከዚህ ለማየትስ ፖርት (ከውጭ የሚገባበት በር) ልክፈት?

ከፍራንክፈርት፦ እህቴ፣ ፖርቱን ተይው። በ2016 እ.ኤ.አ. ሚራይ የተባለው ተንኮለኛ ሶፍትዌር የተዛመተው የፋብሪካ ይለፍ ቃላቸው ባልተቀየረ ካሜራዎችና መቅጃዎች ነው። ደግሞ ብትከፍችውም ላይሠራ ይችላል። የሞደሙ ገጽ ላይ የዋን (የኢንተርኔት በኩሉን) አድራሻውን እዪ፤ በ10 ከጀመረ ወይም ከ100.64 እስከ 100.127 ባለው ውስጥ ከሆነ አድራሻው የጋራ ስለሆነ ከውጭ የመጣ ቤት አይደርስም።

ፋየርዎል እንዲሆንሽ የምትይዢው ማራገቢያ የሌለው ሚኒ ፒሲ ነው (አቧራው ማራገቢያ አይምርም)፦ ቢያንስ ሁለት የኢንቴል ኔትወርክ ፖርት (የገመድ መሰኪያ)፣ 8 ጊጋ ራም፣ 120 ጊጋ ኤስኤስዲ። ቪላን (አንዱን ኔትወርክ ለያይቶ የሚከፍል ዘዴ) የሚችል ባለ 8 ፖርት ስዊችና አንድ አክሰስ ፖይንት (ዋይፋይ የሚያሰራጭ) ጨምሪ። የፋየርዎል ሶፍትዌሩን ኦፒኤንሴንስን እዚያው ሚኒያፖሊስ ጫኚው፤ የዲስኩን የፋይል ሥርዓት ዜድኤፍኤስ አድርጊ፣ ድንገተኛ የመብራት መጥፋትን ከዩኤፍኤስ በተሻለ ይችላል።

ብዙ ሰው የሚሰናከለው አድራሻ ላይ ነው። ኦፒኤንሴንስ ሲጫን ላኑ (የቤት ውስጥ በኩሉ አድራሻ) 192.168.1.1 ነው፤ ብዙ ሞደምም እንደዚያው። ሁለቱ ከተጋጩ መብራቱ ሁሉ አረንጓዴ ሆኖ ኢንተርኔት አያልፍም። ገመድ ከመሰካትሽ በፊት ወደ 192.168.50.1 ቀይሪው፤ አሜሪካ ካለው ቤትሽ አድራሻም መለየት አለበት።

መቅጃውን ለብቻው ቪላን ላይ አድርጊ። አዲስ ቪላን ደንብ እስኪጻፍለት ሁሉም ዝግ ነው፤ ዝግ ይሁን። የሚከፈተው ሰዓት ለማስተካከል ወደ ፋየርዎሉ የሚሄደው ዩዲፒ 123 (የሰዓት ፖርት) ብቻ ነው፤ ያለዚያ የቅጂው ሰዓት እየተንሸራተተ ማስረጃነቱ ይበላሻል።

ካሜራውን ለማየት ዋየርጋርድ (ሁለቱን ቤቶች በተመሰጠረ መስመር የሚያገናኝ ቪፒኤን) ተጠቀሚ። ግንኙነቱን የሚጀምረው የማርቆሱ ይሁን፤ ፖርት የሚከፈተው ሚኒያፖሊስ አንቺ ዘንድ ብቻ ነው፤ ሕዝባዊ አይፒ (ከውጭ በቀጥታ የሚደረስበት አድራሻ) ላይ ዩዲፒ 51820 ትከፍቻለሽ። ማርቆስ በኩል ኪፕአላይቩን (መስመሩን ክፍት የሚያቆየውን መልእክት) 25 ሰከንድ ካላደረግሽው መስመሩ ሥራ ሲፈታ ይዘጋል።

ከደንቨር፦ ወንድማችን የዘለለው አለ፦ የሞደሙን ዋይፋይ አጥፊው። ካልጠፋ የቤቱ ልጆች በለመዱት ስም እየገቡ ከፋየርዎሉ ውጭ ይቀራሉ፣ ወጪው ሁሉ ከንቱ ነው።

የሚኒ ፒሲው ባዮስ (የመነሻ ቅንብር) ላይ መብራት ሲመለስ ራሱ እንዲነሳ አድርጊው፤ አባትሽ ቁልፍ ፍለጋ እንዳይጎነበሱ። ለሞደሙና ለሚኒ ፒሲው የ12 ቮልት ዩፒኤስ (መብራት ሲጠፋ የሚይዝ ባትሪ) ይበቃል፤ ግን አዳፕተሮቹ ላይ ያለውን አምፔር ደምረሽ ግዢ። መስመሩ የመዳብ ከሆነ ጮቄ ተራራ ላይ ነጎድጓድ ሲያጉረመርም የስልኩም ገመድ ይነቀል፤ መብረቁ በእሱም ይገባል። ፋይበር ከሆነ ኃይሉን መንቀል በቂ ነው።

ከፍራንክፈርት፦ ልክ ነው። የቅንብሩን ፋይል ፍላሽ ላይ ገልብጠሽ እዚያው ተዪ፣ ገመዶቹ ላይም ባለቀለም ፕላስተር ለጥፊ፤ በስልክ «ቀዩን ንቀሉ» ማለት ይቀላል።