ያገለገለ ባለሁለት ሾክ ማውንቴን ይሻላል ወይስ የፊት ሾክ ብቻ ያለው?

አዲስ ነጂ፦
ሰላም ለሁላችሁ። ማውንቴን ሳይክል ልገዛ ነው ግን ሁለት ሳምንት ሙሉ ሳወጣ ሳወርድ መወሰን አቃተኝ። እስካሁን የነዳሁት ቀጭን ጎማ ያለው የአስፋልት ሳይክል ነው፣ ስለዚ ፔዳል መምታት አይከብደኝም፣ ጭቃና ድንጋይ ላይ ግን ልምድ የለኝም። አሁን ምፈልገው የጫካ ውስጥ ቀጭን መንገድ ነው፣ የዛፍ ሥር አለ፣ ልቅ ድንጋይ አለ፣ ደህና አርጎ ዳገትና ቁልቁለትም አለው፣ መዝለል ምናምን ግን አላስብም።

በያዝኩት ገንዘብ ሁለት ያገለገሉ አግኝቻለሁ፣ ዋጋቸው እኩል ነው። አንደኛው ከፊትም ከኋላም ሾክ አለው፣ ጎማው 26 ኢንች፣ ሲያዩት ያምራል። ባለቤቱን ሾኩ ሰርቪስ ተደርጎ ያውቃል ወይ ስለው "ምንም አልነካሁትም፣ እንደገዛሁት ነው" አለኝ። ሁለተኛው የፊት ሾክ ብቻ ነው፣ ሾኩ 100 ሚሊሜትር ሚሰምጥ፣ ጎማው 29፣ ማርሹ ከፊት አንድ ከኋላ 11፣ ሃይድሮሊክ (በዘይት ሚሠራ) ዲስክ ፍሬን አለው ግን ቀለሙ ተፋፍቋል። ልቤ የሄደው ወደ መጀመሪያው ነው። ቁመቴ 1.72 ሲሆን የመጀመሪያው ሳይዙ ኤል ነው፣ ሁለተኛው ኤም። ምን ትላላችሁ?

ዳገት ወጪ፦
ሁለተኛውን ውሰድ ወንድሜ። "ምንም አልነካሁትም" ያለህ እኮ እንደ ጥሩ ነገር ነው የነገረህ፣ ለሾክ ግን መጥፎ ዜና ነው። ሾክ ውስጥ ዘይት አለ፣ ጎሚኒ አለ፣ ይቆሽሻል ይደርቃል። የሾክ አምራቹ የሮክሾክስ መመሪያ ለምሳሌ የፊት ሾክ የታችኛው እግር ዘይት በየ50 ሰዓቱ እንዲቀየር ነው ሚለው፣ በሳምንት አምስት ሰዓት ምትነዳ ከሆነ ሁለት ወር ተኩል ማለት ነው። ለዓመታት ያልተነካ ሾክ ከላይ እያብረቀረቀ ውስጡ አልቆ ሊሆን ይችላል።

እኔ በዚ ተቃጥያለሁ። የመጀመሪያ ሳይክሌ ባለሁለት ሾክ ነበር፣ ከገዛሁት ከወር በኋላ ኩርባ ላይ ስታጠፍ ኋላው ለብቻው የሚሄድ ይመስለኝ ጀመር፣ ጎማው ይሆናል ብዬ ነፋሁት፣ ራጂውን አስጠበቅኩ፣ ለውጥ የለም። በኋላ ስናየው የኋላው ክንፍ የሚታጠፍበት ቦታ ያሉት ኩሽኔታዎች ዝገው ሁለቱ ጭራሽ አይዞሩም፣ ሦስተኛው ተፈርክሷል። እነሱን ቀየርኩ፣ ከዛ ሾኩ ራሱ አየር ማፍሰስ ጀመረ፣ የሱ ልክ ደሞ አሁን ፋብሪካ የማያመርተው ሆኖ ተገኘ። ሳይክሉን በጣም እወደው ነበር፣ ከነዳሁት ጊዜ ይልቅ ተፈትቶ የቆመበት ጊዜ ስለበለጠ በጣም አዘንኩ።

26 ኢንችም ቢሆን መጥፎ ሆኖ አይደለም፣ ግን አምራቾቹ ወደ 27.5 እና 29 ከዞሩ ቆይተዋል፣ ደህና ጎማ ፈልገህ ለማግኘት ምርጫህ ይጠባል። 29ኙ ድንጋይና ሥር ላይ ቀለል ብሎ ነው ሚያልፈው። ሳይዙ ላይ ለ1.72 ብዙውን ጊዜ ኤም ነው ሚሆነው፣ ኤሉ ላይ እጅህ ተዘርግቶ ነው ምትነዳው። ኮርቻ ከፍ ዝቅ ይላል፣ የፍሬም ርዝመት ግን ምንም ልታረገው አትችልም።

ቁልፍና ግራሶ፦
በሐሳቡ እስማማለሁ፣ ግን ሁለተኛውም ዝም ብሎ አይገዛም። ስትሄድ ኢንች ያለው ማስመሪያ ያዝ። ዜሮውን የአንድ የሰንሰለት ፒን መሃል ላይ አርገው፣ አዲስ ሰንሰለት ከሆነ 12 ኢንቹ ላይ የሌላ ፒን መሃል ልክ ይገጥማል። ያ ፒን አንድ ሚሊሜትር ተኩል ካለፈ ሰንሰለቱ 0.5 ፐርሰንት ተስቧል ማለት ነው፣ ባለ 11 ላይ እዛ ጋ ሲደርስ ነው ሚቀየረው። ሦስት ሚሊሜትር ካለፈማ ካሴቱንም (የኋላ ጥርሶቹን) በልቶታል፣ አዲስ ሰንሰለት ብታስገባበት ዳገት ላይ ቆመህ ስትረግጥ ጥርስ እየዘለለ ጉልበትህን ከመሪው ጋር ያጋጨዋል፣ ስለዚ የሁለቱንም ዋጋ አስበህ ተከራከር።

የሾኩን የሚያብረቀርቀውን ቱቦ በጥፍርህ ዙሪያውን ዳሰው። ጥፍር ሚይዝ ጭረት ካለ ጎሚኒውን እየቆረጠ ዘይት ያወጣል። የፊት ፍሬኑን ያዝና ሳይክሉን ወደፊት ወደኋላ ግፋው፣ ኳ ኳ ካለ ወይ የመሪው ኩሽኔታ ላልቷል ወይ ሾኩ አልቋል። የፍሬኑን እጀታ ጨብጠህ 20 ሰከንድ ያህል ቆይ፣ ቀስ እያለ ወደ መሪው ከሰመጠ ዘይት ያፈሳል ወይ አየር ገብቶበታል። የተፋፋቀ ቀለም አያስፈራም፣ ሚያስፈራው መሪው ፍሬሙን የሚይዝበት ብየዳ አጠገብ እንደ ፀጉር የቀጠነ የስንጥቅ መስመር ካየህ ነው። እሱን ካየህ ጥለኸው ሂድ፣ በነፃም ቢሰጡህ አትውሰድ።

አንድ ነገር ደሞ እንዳትረሳ፣ የፍሬን ዘይት ሁሉ አንድ አይደለም። የሺማኖ ፍሬን ሚኒራል ዘይት ነው፣ ዶት ሚባለውን ሌላ ዓይነት የፍሬን ዘይት የሚጠቀሙም አሉ፣ ካምታታሃቸው ጎሚኒው አብጦ ፍሬኑ ይበላሻል። እጀታው ላይ ወይ ክዳኑ ላይ ተጽፏል፣ አንብብ።

ቀስ በቀስ፦
ስለ ሾክ ብዙ ተባለ እኔ ግን ከአስፋልት ለሚመጣ ሰው መጀመሪያ ሚነገረው የጎማ ንፋስ ይመስለኛል። አስፋልት ላይ ጠንከር አርጎ መንፋት ለምዶብሃል፣ ጫካ ውስጥ ግን እሱ ነው ሚጥልህ። እርጥብ ሥር ላይ በጠንካራ ጎማ ስትወጣ ጎማው ሥሩን አይጨብጥም፣ ወደ ጎን ነው ሚንሸራተተው፣ ሳታውቀው መሬት ላይ ነህ። ባለ ካላማዳሪያ 2.3 ኢንች ጎማ ከሆነና ክብደትህ 70 ኪሎ አካባቢ ከሆነ ከ25 እስከ 30 ፒኤስአይ (የንፋስ ግፊት መለኪያ ነው) ሞክር፣ የፊቱን ከኋላው ትንሽ አሳንስ። በጣም ካወረድከው ደሞ ድንጋይ ላይ ቸርኬው ካላማዳሪያውን ይቆርጠዋል፣ ሁለት ጎን ለጎን ቀዳዳ ካየህ ንፋሱ አንሷል ማለት ነው።

ቁልቁለት ላይ አትቀመጥ። ሁለቱን ፔዳል እኩል አርገህ ቁም፣ ክርንህን ወደ ውጭ ክፈት፣ ዓይንህ ጎማህ ስር ያለውን ሳይሆን ምትሄድበትን ይይ። ፍሬን በአንድ ጣት ብቻ፣ ኩርባው ሳይደርስ ጨርስ፣ ኩርባው ውስጥ አትያዝ። ብዙ ሰው የፊት ፍሬን ይገለብጠኛል ብሎ ይፈራል፣ ሳይክልን በደንብ ሚያቆመው ግን የፊቱ ነው፣ ቀስ እያልክ ጭመቀው እንጂ ድንገት አትጨብጠው። ቁልቁለት ሙሉ ፍሬን ላይ ተንጠልጥሎ መውረድም ጥሩ አይደለም፣ ይግላል። ይሄ ስፖርት ሲጀመር በ1976 እ.ኤ.አ. ካሊፎርኒያ ማሪን ውስጥ ይወዳደሩበት የነበረ ቁልቁለት ሪፓክ (እንደገና መሙላት) ተባለ፣ ለምን ብትል የኋላ ሞዞው ውስጥ የነበረው ፍሬን ከሙቀት ብዛት ግራሶውን አቃጥሎ ስለሚጨርሰው እንደገና ሞዞውን ፈተው ግራሶ መሙላት ነበረባቸው። የዛሬ ዲስክ እንደዛ አይደለም ግን ሙቀት ሙቀት ነው።

አዲስ ነጂ፦
በጣም አመሰግናለሁ ሁላችሁንም። ሁለቱንም ሄጄ አየኋቸው። የመጀመሪያውን ኮርቻውን ይዤ ወደ ላይ ሳነሳው የኋላ ጎማው መሬት ሳይለቅ በፊት ኮርቻው ብቻ ቋ ብሎ ተነሳ፣ ሁለት ሦስቴ ሞከርኩት፣ ያው ነው፣ የኋላው መጋጠሚያ ላልቷል ማለት ነው። ሁለተኛውን ወሰድኩ። ሰንሰለቱ አልፎ ስለነበር ዋጋ ቀነሰልኝ፣ አዲስ አስገባሁ፣ ካሴቱ ደህና ነው አልዘለለም። ንፋሱን 27 ላይ አረግኩት፣ ልዩነቱን አላምንም ነበር፣ መሬቱን እጄ ላይ ነው ምሰማው።

አሁን ግን ችግር መጣ። ትናንት ሰንሰለቱን በሚረጭ ቅባት ቀባሁት፣ ዛሬ የኋላ ፍሬን ይጮሃል፣ ደሞ አይዝም። ቁልቁለት ላይ በጣም ደነገጥኩ።

ቁልፍና ግራሶ፦
ቅባቱ ዲስኩ ላይ ተረጭቷል። እስክታስተካክለው ቁልቁለት አትሂድበት በእግዜር። ጎማውን አውጣ፣ ዲስኩን በአይሶፕሮፒል አልኮልና ንጹህ ጨርቅ ጥረግ፣ ጨርቁ ላይ ጥቁር ነገር እስከማይታይ እየቀያየርክ። የፍሬን ሸራዎቹን አውጥተህ ጠፍጣፋ ቦታ ላይ በብርጭቆ ወረቀት ፊታቸውን ፋቅ አርጋቸው፣ ከዛ በአልኮል። ጎማው በወጣበት እጀታውን እንዳትጨብጥ፣ ፒስተኖቹ ይወጡብሃል። መልሰህ ስትገጥም ሜዳ ላይ ፍጥነት እየያዝክ ሙሉ በሙሉ ሳትቆም 20 ጊዜ ያህል ፍሬን ያዝ። አሁንም ከጮኸ ቅባቱ ሸራው ውስጥ ገብቷል፣ ቀይረው።

ሰንሰለት ደሞ በሚንጠባጠብ ቅባት ነው፣ በእያንዳንዷ መጋጠሚያ አንድ አንድ ጠብታ፣ ፔዳሉን ወደኋላ አዙረህ ጥቂት ደቂቃ ተወውና የተረፈውን በጨርቅ ጥረገው። ሥራ ያለው ውስጥ የገባው ነው፣ ላዩ ላይ የቀረው አቧራ ሰብስቦ ሰንሰለቱን ይበላዋል።

አዲስ ነጂ፦
እንዳልከው አረግኩ። 14ኛው 15ኛው ላይ ሲደርስ ድምፁ ጠፋ፣ 20ኛው ላይ በአንድ ጣት ጎማው ተቆለፈ። ነገ ጠዋት ያችኑ ቁልቁለት ልወርዳት ነው።