ያገለገለ ትንሽ ትራክተር በ1 ሚሊዮን 450 ሺህ ብር፤ ዋጋው ተገቢ ነው?

ጥያቄ፦ ጉማራ ዳር

ሰላም ለሁላችሁ። ደራ ወረዳ ውስጥ፣ ከጉማራ ወንዝ ብዙም ሳይርቅ፣ ከወንድሜና ከእህቴ ባል ጋር በአንድ ላይ የምናርሰው አምስት ሄክታር ያህል መሬት አለን። በክረምት ሩዝ፣ ውኃው ሲሸሽ ጓያና ሽምብራ፣ በበጋ ደግሞ በፓምፕ ሽንኩርት እናመርታለን። መሬቱ ጥቁር ዋልካ ነው። የበሬ ዋጋና መኖው ስላስቸገረን ትራክተር ፍለጋ ገብተናል። የራሳችንን ስንጨርስም ለጎረቤት በክፍያ እያረስን ዕዳውን ለማቃለል አስበናል።

ወረታ ላይ አንድ ያገለገለ ኩቦታ ትራክተር አገኘን። ባለ 34 የፈረስ ጉልበት ነው፤ አራቱም ጎማ ይጎትታል፤ የተሠራው እ.ኤ.አ. በ2015 ነው። ሰዓት ቆጣሪው 1,640 ያሳያል። አፈር ከሚያደቅቅ አንድ ሮታቬተርና ከባለ ሁለት ዲስክ ማረሻ ጋር 1 ሚሊዮን 450 ሺህ ብር ይላሉ። ባለቤቱ ሥራ ያልበዛበት ማሽን መሆኑንና ሌላ ገዥ እንዳላቸው ነግረውናል። ባሕር ዳር ላይ በተመሳሳይ ጉልበት ለአዲስ ትራክተር ፕሮፎርማ አስወጥቼ፣ ማረሻ ሳይጨመር 2 ሚሊዮን 350 ሺህ ብር አሉኝ። የወረታው ቀለሙ አዲስ ነው፤ ሞተሩም ሲነሣ ደኅና ድምፅ አለው። የምንከፍለው በብድር ስለሆነ ብንሳሳት የሦስት ቤተሰብ ጉዳይ ነው። የምታውቁ እባካችሁ ምከሩን።

የፎገራ ልጅ

ወንድሜ፣ እኔ ብሆን አላመነታም። ሐምሌ 2016 ላይ የውጭ ምንዛሪው በገበያ እንዲወሰን ከተደረገ ወዲህ ከውጭ የሚገባ ዕቃ ሁሉ ዋጋው ሌላ ሆኗል። "ያኔ በዚህ ያህል ይገዛ ነበር" የሚል ሰው ቢያጋጥምህ አትስማው፤ ያ ዋጋ አይመለስም። ከአዲሱ በ900 ሺህ ብር ያነሰ፣ ያውም ማረሻና ሮታቬተር ያለው ነው። ሰኔ ሲደርስ ደግሞ ሁሉም ትራክተር ፈላጊ ስለሚሆን ባለቤቱ አንድ ብር አይቀንሱልህም። አሁን ሚያዝያ ላይ መጨረስ ይሻልሃል።

ባለ ጋራዡ፣ ባሕር ዳር

ቀለሙ አዲስ ነው ማለትህ አሳስቦኛል። በወጉ የተያዘ ትራክተር ቀለሙ በፀሐይ ይደበዝዛል፤ ብረቱ ግን ደኅና ነው። ለሽያጭ የተቀባ ማሽን ላይ ግን ቀለሙ ቡሎን ጭንቅላት ላይ፣ የዘይት ቧንቧ ላይ፣ አንዳንዴም የሞተር ቁጥሩ ላይ ሳይቀር ተደፍቶ ታየዋለህ። ቀለም ስንጥቅና የዘይት ልቅሶ ይሸፍናል።

ስትሄድ አስቀድመህ ሞተሩ እንዳይነሣ ንገራቸው። ደርሰህ እጅህን ራዲያተሩ ላይ አድርግ። ሞቆ ከቆየህ ከመምጣትህ በፊት አስነሥተውታል ማለት ነውና ሌላ ቀን በማለዳ ተመለስ። የደከመ የናፍጣ ሞተር ገመናው የሚወጣው በብርድ ሲነሣ ነው። ከማርሚታው የሚወጣው ጭስ ሰማያዊ ከሆነና ካልቆመ ዘይት እያቃጠለ ነው፤ የፒስቶኑ ቀለበት፣ ማለትም ፋሻው፣ አልቋል። ነጭ ሆኖ ሞተሩ ከሞቀም በኋላ ከቀጠለ ናፍጣው በወጉ አይቃጠልም፤ ወይም ውኃ ወደ ውስጥ ይገባል። ጥቁሩ ብዙ ጊዜ የአየር ፊልትሮ ወይም የኖዝል ነገር ስለሆነ ይቀልላል። ሲሞቅ የዘይት መሙያውን ክዳን ክፈተው። እፍ እፍ እያለ ጭስ የሚገፋ ከሆነ ፒስቶኑና ፋሻው የሚያስወጣህን ገንዘብ አስብ።

አሁን ወደ ዋናው ልምጣ። ይህ ማሽን የሠራው ፎገራ ሜዳ ላይ፣ ሩዝ ውስጥ ነው። ሩዝ ሲቦካ ትራክተሩ እስከ ጎማው ወገብ ጭቃ ውስጥ ይውላል። ያ ጭቃ ውኃ የፊት አክሱሉን የዘይት ማገጃ ጎማ ይበላና ወደ ውስጥ ይገባል። ዘይቱ ከውኃ ጋር ሲመታ ኩሽኔታና ማርሽ በዝምታ ይበላል፤ ከላይ ሆኖ የሚሰማ ነገር የለም። ስለዚህ ማሽኑ አንድ ሌሊት ቆሞ ካደረ በኋላ ከፊት አክሱሉ ሥር ያለውን የማፍሰሻ ቡሎን በጥቂቱ ፍታና የሚወርደውን በብልቃጥ ተቀበል። ውኃ ከታች ስለሚተኛ መጀመሪያ የሚወርደው እሱ ነው። ንጹሕ ዘይት ከሆነ ደስ ይበልህ። ወተት የመሰለ ከሆነ አክሱሉ ተፈትቶ መታየት አለበት። ባለቤቱ እንዳይፈታ ከከለከሉህ መልሱን ሰጥተውሃል።

ሰዓት ቆጣሪ ይቀየራል፤ ይቋረጣልም። እኔ የማምነው የፍሬንና የፍሪሲዮን ፔዳሉን ጎማ፣ የማረሻ ማያያዣው ቀዳዳ ክብ መሆኑን ወይም መሞለሉን፣ ከኋላ የሚወጣውን የኃይል ማውጫ ዘንግ ጥርስ ነው። ጎማዎቹ ጎን ላይ አራት አሃዝ ተጽፎ ታገኛለህ፤ የመጀመሪያዎቹ ሁለቱ ሳምንቱን፣ የኋላዎቹ ሁለቱ ዓመቱን ይነግሩሃል። የ2015 ትራክተር ላይ የ2022 የኋላ ጎማ ካለ፣ የመጀመሪያው ጎማ አልቋል ማለት ነው። በ1,640 ሰዓት የእርሻ ጎማ ያልቃል?

የፎገራ ልጅ

ጋሼ፣ በዚህ ላይ አልስማማም። በእኛ አገር ትራክተር ከቀበሌ ቀበሌ የሚሄደው በአስፋልት ነው። አስፋልት የእርሻ ጎማን በሁለትና በሦስት ዓመት ይጨርሰዋል፤ ጎማው ስለ ተቀየረ ብቻ ሰውን መጠርጠር አይገባም።

ባለ ጋራዡ፣ ባሕር ዳር

እውነት ነው፤ አስፋልት ይበላዋል። ጎማው ብቻውን አያስፈርድም። ከፔዳሉና ከማያያዣው ጋር አንድ ላይ ሲመሰክር ግን ይታመናል።

ደብተር ያዥ

እኔ ስለ ሞተር አላውቅም፤ ስለ ቁጥሩ ግን ልናገር። አዲሱ 2,350,000 ብር ነው። እንዲህ ያለ ትራክተር ከባድ የሞተር እድሳት እስኪጠይቅ 6,000 ሰዓት ይሠራል ብለን እንነሣ፤ ያን ጊዜም የአዲሱን ዋጋ 20 በመቶ ይዞ ይቀራል እንበል። በሥራ የሚያልቀው ዋጋ 1,880,000 ብር ነው። ለ6,000 ብናካፍለው በሰዓት 313 ብር ገደማ ይወርዳል።

ቆጣሪው ልክ ከሆነ ያለቀው 514 ሺህ ብር አካባቢ ነው፤ የቀረው ዋጋ 1,836,000 ይሆናል። ታዲያ ባለቤቱ ይህን የሚያህል ንብረት፣ ከእነ ማረሻው፣ ለምን 386 ሺህ ብር አጉድለው ይሸጡታል? ቸኩለው ሊሆን ይችላል። ነገር ግን በኪራይ የሚያርስ ትራክተር በዓመት 350 ሰዓት ቢሠራ በዘጠኝ ዓመት 3,150 ሰዓት ይሞላል። በዚያ ብናሰላው የቀረው 1,363,000 ብር ነው፤ ከተጠየቅከው ዋጋ ጋር ይቀራረባል። እኔ እንደሚመስለኝ ባለቤቱ ትክክለኛውን ሰዓት ያውቁታል፤ ዋጋውንም ያወጡት በዚያ ነው። ከዚህ ላይ የምታገኘውን ብልሽት ሁሉ ጋራዥ ጠይቀህ በብር ቀንስ። ማረሻውንና ሮታቬተሩን ለብቻ ገምትና ደምር። የምትደርስበት ቁጥር ያንተ ዋጋ ነው።

እመቤት ዘመራዊ

ወንድሜ፣ እኔ መራዊ ላይ፣ ቆጋ መስኖ አካባቢ ትራክተር አከራያለሁ። የእኛ መሬት ቀይ አፈር ስለሆነ ለትንሽ ትራክተር ይመቻል፤ ያንተ ዋልካ ግን ሌላ ነው። ደርቆ ሲሰነጠቅ ባለ 34 የፈረስ ጉልበት ዲስክ ማረሻ ይዞ ይታገላል። በዚያ ላይ እኛ ያለነው ከባሕር ጠለል በላይ 1,800 ሜትር ገደማ ላይ ነው። ተርቦ (አየር ወደ ሞተሩ የሚገፋው ክፍል) የሌለው የናፍጣ ሞተር በዚህ ከፍታ ከጉልበቱ ከ15 እስከ 20 በመቶ ያጣል። ስለዚህ የገዛኸው 34 ሳይሆን 28 ነው ብለህ አስብ። ለሩዝ ማቡካትና ለሽንኩርት መደብ ማዘጋጀት ግን ይህ መጠን በጣም ጥሩ ነው፤ ትልቁ ትራክተር እዚያ ይሰጥማል። ዋልካውን በዲስክ ማረስ የምትችለው እርጥበቱ ሳያልቅ፣ አዝመራው እንደ ተነሣ ነው።

ለጎረቤት አርሰህ ዕዳ ስለ መክፈል ያሰብከውን ተጠንቅቀህ አስላው። የእርሻ ወቅት አጭር ነው፤ የራስህም መሬት፣ የደንበኛህም መሬት በአንድ ሳምንት ውስጥ ይፈልጉሃል። ለሹፌር፣ ለናፍጣ፣ ለዘይትና ለሮታቬተር ጥርስ የሚወጣው ከገቢው ላይ ነው። ዋልካ የሮታቬተር ጥርስ በፍጥነት ይጨርሳል። ለአምስት ሄክታር ሩዝ ብቻ ቢሆን ኖሮ ባለ ሁለት ጎማውን የእጅ ትራክተር እዩት እል ነበር። ወረታ የሚገኘው የሩዝ ምርምር ማዕከል ቅርባችሁ ነው፤ ሄዳችሁ ብትጠይቁ አይከፋም።

ማኅተም

ስለ ሰነዱ ማንም ስላላነሣ ልጨምር። የእርሻ ማሽን ከቀረጥ ነፃ የሚገባበት ዕድል አለ። ከቀረጥ ነፃ የገባ ዕቃ ያ መብት ለሌለው ሰው ሲተላለፍ ቀረጡ ሊጠየቅ ስለሚችል፣ የጉምሩክ ዲክላራሲዮኑን ሳታዩ ቀብድ አትስጡ። ሊብሬው ላይ ያለው የሻሲና የሞተር ቁጥር ከብረቱ ጋር መመሳሰሉን ራሳችሁ አንብቡ።

ሁለተኛ፣ ትራክተሩ የተገዛው በካፒታል ዕቃ ኪራይ ከሆነ ክፍያው እስኪጠናቀቅ ባለቤቱ አከራዩ ተቋም ነው። በባንክ ዋስትና ተይዞም ሊሆን ይችላል። ተንቀሳቃሽ ንብረት በዋስትና የሚያዝበት አዋጅ ቁጥር 1147/2011 ምዝገባ አለው፤ የምትበደሩበት ባንክ እንዲያጣራላችሁ ጠይቁ። በማኅበር የተገዛ ከሆነ ደግሞ አባላቱ ለመሸጥ የወሰኑበትን ቃለ ጉባኤ ጠይቁ። ውሉም ውልና ማስረጃ ፊት ይፈረም።

ጉማራ ዳር

እግዚአብሔር ይስጥልኝ፣ ሁላችሁንም። ትናንት በማለዳ መካኒክ ይዘን ሄድን። ሞተሩ ቀዝቃዛ ነበር፤ በአንድ ጊዜ ተነሣ፤ ነጭ ጭስ ለአፍታ አሳይቶ ጠራ። የዘይት ክዳኑን ስንከፍት የሚገፋ ነገር የለም። በዚህ ደስ ብሎናል።

የኋላ ጎማዎቹ ላይ 1122 ይላል፤ ማለትም በ2022 የተሠሩ ናቸው። የፍሪሲዮን ፔዳሉ ጎማ በልቶ ብረቱ ያበራል፤ ማያያዣው ቀዳዳም ሞልሏል። ማረሻውን አንሥተን ሞተሩን ስናጠፋ ቀስ እያለ ወረደ፤ መካኒኩ ይህ የሚያሰጋ አይደለም ብሏል። ፍሪሲዮኑ ግን በከባድ ማርሽ ይንሸራተታል። የፊት አክሱሉን ቡሎን ባለቤቱ ያለ ክርክር ፈቀዱልን። መጀመሪያ ግማሽ ብርጭቆ የሚያህል ጭቃማ ውኃ ወረደ፤ ተከትሎት የወጣው ዘይት ነጭ ነበር። ባለቤቱም አይተው ዝም አሉ፤ ከዚያ ሰኔ ላይ ሁልጊዜ ሩዝ ውስጥ እንደሚውል ነገሩን።

ጋራዥ ያወጣልን ግምት፣ ለፊት አክሱሉ ማገጃና ኩሽኔታ 95 ሺህ፣ ለፍሪሲዮን 120 ሺህ፣ ለሁለቱ የፊት ጎማ 70 ሺህ ብር ነው። ሰነዱ በግለሰቡ ስም ነው፤ ዲክላራሲዮኑንም አሳይተውናል፤ ቀረጥ ተከፍሎበታል። የዋስትናውን ጉዳይ ባንኩ እያጣራ ነው።

ደብተር ያዥ

የጥገናው ድምር 285 ሺህ ነው። ከ1,363,000 ሲቀነስ 1,078,000 ይቀራል። ሮታቬተሩና ማረሻው በአንድ ላይ 150 ሺህ ቢገመቱ 1,228,000 ብር ይመጣል። ከ1 ሚሊዮን 100 ሺህ ጀምር፤ ከ1 ሚሊዮን 230 ሺህ በላይ አትሂድ።

ባለ ጋራዡ፣ ባሕር ዳር

በዚህ ዋጋ ከተገኘ ግዙ። ሞተሩ ጤነኛ ነው፤ የተጎዳው የሚቀየር ነገር ነው። ያልተደበቀ ብልሽት ያለበትን ማሽን ቡሎን አስፈትተው ካሳዩህ ሰው መግዛት እኔ እመርጣለሁ። ኩሽኔታውን ብቻ ቀይረው እንዳይመልሱት፤ ማርሾቹ ጥርስ ላይ ዝገት ወይም ጉርብጥብጥ ካለ ግምቱ ይጨምራልና፣ ከመክፈልህ በፊት አክሱሉ ተፈትቶ ይታይ። ለመፍታት የሚጠየቀውን የእጅ ዋጋ አንተ ቻለው።

ጉማራ ዳር

አክሱሉ ተፈታ፤ ማርሹ ደኅና ነው፤ የተበላው አንድ ኩሽኔታ ነው። ባንኩም ማሽኑ በዋስትና እንዳልተያዘ አረጋገጠልን። ከባለቤቱ ጋር ሽማግሌ አስቀምጠን በ1 ሚሊዮን 215 ሺህ ብር ተስማማን፤ ሰኞ ውልና ማስረጃ እንፈራረማለን። አንድ ጥያቄ ብቻ ቀረኝ፦ በየክረምቱ ጭቃ ውስጥ መግባቱ አይቀርም፤ አክሱሉ እንደገና እንዳይበላ ምን እናድርግ?

ባለ ጋራዡ፣ ባሕር ዳር

ሩዝ ውስጥ የዋለ ቀን ማታውኑ በውኃ ይታጠብ፤ በማገጃው ዙሪያ የተጠመጠመ ሣርና ገመድ በእጅ ይነቀል፤ የማገጃውን ጎማ የሚበላው እሱ ነው። ግሪስ በየቀኑ ይሰጠው። በማቡካቱ ወቅት በየሳምንቱ ጠዋት፣ ሞተሩ ሳይነሣ፣ ያንን የማፍሰሻ ቡሎን ትንሽ ፈታ አድርገህ እየው። ወቅቱ ሲያልቅ፣ ነሐሴ ላይ፣ ዘይቱ ነጭ ባይሆንም ይቀየር።