የዕቅድ ውይይት፦ ለነባር ሕዝቦች ደንበኞችና ቤተሰቦች የሱስ ምክር (ኤድመንተን፣ ካናዳ)፣ ለገንዘብ ሰጪ የሚቀርብ ማመልከቻ፣ ረቂቅ 3
(ጸሐፊዎቹ የአንድ ኢትዮጵያውያን ማኅበር አባላት ናቸው፤ በሥራቸው ወይም በሚኖሩበት አካባቢ ተጠርተዋል። ነባር ሕዝቦች የሚባሉት ፈርስት ኔሽንስ፣ ሜቲስና ኢኑዊት ናቸው፤ ክሪ ከፈርስት ኔሽንስ አንዱ ነው።)

ጸሐፊ፣ ሰኞ
ረቂቅ 3 ተጭኗል። ጠቅላላው ከ84,000 ወደ 62,000 ዶላር ወርዷል። አሥራ ሁለት ወር፣ ሁለት አማካሪ በግማሽ ደመወዝ፣ አንዲት የክሪ ኤልደር (በሕዝቧ የተከበረች የባህልና የሥርዓት አዋቂ) በወር አራት ቀን፣ ሐሙስ ማታ የቤተሰብ ክበብ ከራት ጋር። ቦታው የቤተ ክርስቲያናችን አዳራሽ፣ በነጻ። የዓምናው ማመልከቻችን በምን እንደወደቀ ታውቃላችሁ፤ “ከነባር ሕዝቦች ማንን አማከራችሁ?” ለሚለው ጥያቄ ዘንድሮም መልስ አጥተን አንቀርብም። ገንዘብ ሰጪዎቹ ከሚቀጥለው ሳምንት ዓርብ በኋላ ማመልከቻ አይቀበሉም። የመቀበያ ቅጹን፣ የፈቃድ ቅጹንና በጀቱን የሚይዝ ሰው ዛሬውኑ ይመዝገብ።

ነርሷ፣ ሰኞ
የመቀበያ ቅጹ እንዲህ ሆኖ አይሄድም። ስድስት ገጽ ነው፤ ገጽ 2 ላይ “በልጅነትዎ ከቤተሰብ ተነጥለው ያውቃሉ?” ይላል። ሰውየው ገና ስማችንን አልያዘም። የነባር ሕዝቦች ልጆች ከቤተሰብ እየተነጠሉ በገቡባቸው አዳሪ ትምህርት ቤቶች ወደ 150,000 ልጆች አልፈዋል፤ የመጨረሻዎቹ የተዘጉት በፈረንጆቹ 1990ዎቹ ነው፤ በራሱ ላይ የደረሰበት ሰው ዛሬ ገና የአርባዎቹ ዕድሜ ላይ ሊሆን ይችላል። ያንን በቅጽ ጠይቀን፣ መልሱን ጽፈን፣ “በሚቀጥለው ሳምንት እንገናኝ” ካልነው ቁስሉን ከፍተን ሰደድነው። ማታውኑ ይጠጣል፣ ለሁለተኛው ቀጠሮም አይመጣም።

የመጀመሪያው ቀን አንድ ገጽ ይበቃል፤ ስለ ደኅንነት ብቻ። መጨረሻ የወሰደው ምን፣ መቼ፣ ምን ያህል? ሲያቆም ራሱን ስቶ ተንዘፍዝፎ ያውቃል? ናሎክሶን (በኦፒዮይድ የተመረዘን ሰው የሚያነቃ መድኃኒት) ይዟል? ዛሬ የት ያድራል? ልጆቹ ከማን ጋር ናቸው? ታሪኩን እሱ ሲፈልግ፣ ለመረጠው ሰው ይናገራል። “ቤተሰብ” የሚለው ሣጥንም ይውጣ፤ ባዶ መስመር ይሁንና ማን ማን እንደሆነ ራሱ ይጻፍ። ለብዙዎቹ ያሳደገቻቸው ኮኩም፣ ማለት አያታቸው፣ ናት፤ ቅጹ ግን የሚጠይቀው እናትና አባት ብቻ ነው።

ሌላው አደገኛ ነገር፦ ገጽ 7 ላይ “ተሳታፊው ከመጀመሪያው ክበብ 48 ሰዓት በፊት መጠጥ ያቆማል” ተብሏል። በየቀኑ ብዙ የሚጠጣ ሰው ድንገት ሲያቆም የሚጥል መንዘፍዘፍ የሚመጣው ከ6 እስከ 48 ሰዓት ባለው ጊዜ ነው። መቃዠቱና ትኩሳቱ ከ48 እስከ 96 ሰዓት፤ እሱ ይገድላል። በእኛው ሕግ ሰውየውን አዳራሽ ውስጥ እንጥለዋለን። መጀመሪያ በሐኪም የሚጠበቅ ዲቶክስ፣ ማለት መጠጡ ከሰውነቱ እስኪወጣ ክትትል። እስኪያልፍለትም ላብ ቤት (በሙቀት ሥርዓት የሚደረግበት ጎጆ) አይግባ፤ የሰውነቱን ፈሳሽ ይጨርስበታል።

ደቡብ ኤድመንተን፣ ሰኞ
የፈቃድ ቅጹን እኔ ይዣለሁ። እስከ ረቡዕ።

ገንዘብ ያዥ፣ ሰኞ ማታ
የበጀት መስመር 14፦ “ትምባሆ፣ 180 ዶላር።” የሱስ ማገገሚያ ፕሮፖዛል ትምባሆ የሚገዛው በምን ሒሳብ ነው? ይህ ማኅበር ከተመሠረተ ጀምሮ ትምባሆ ገዝቶ አያውቅም። መስመሩ ካልወጣ አልፈርምም።

ካልጋሪ፣ ማክሰኞ
ጋሼ፣ ትምባሆው የሚሰጠው ሰው እንዲያጨሰው አይደለም። በክሪ ዘንድ ከሴጅ፣ ከሴዳርና ከስዊትግራስ ጋር ቅዱስ ዕፅ ነው። ኤልደርን የሚጠይቅ ሰው ከመጠየቁ በፊት ትምባሆውን በእጁ ይዞ ይቀርባል፣ የመጣበትን ይናገራል። ከተቀበለች ጉዳዩን ተቀበለች፤ ካልተቀበለች ያበቃል፣ አይጨቀጨቅም። በኢሜይል ጠይቆ በኋላ ማድረስ የለም፤ ሥራው ካለቀ በኋላ እንደ ምስጋና መስጠትም የለም። ልቅ ትምባሆ በጨርቅ ተቋጥሮ ነው፤ የጨርቁን ቀለም ረዳቷን አስቀድሞ መጠየቅ ነው። 180 ዶላሩ ለዓመቱ በሙሉ ነው፣ ቀረጡን ታውቁታላችሁ።

የኤልደሯ አበል ሌላ ነገር ነው። ረቂቁ “ኢንቮይስ በቀረበ በ30 ቀን” ይላል፤ ይስተካከል። በዕለቱ፣ በፖስታ፣ ከመሄዷ በፊት። መጓጓዣዋ፣ ምሳዋና የረዳቷ አበልም አልተያዘም።

ሰሜን፣ ማክሰኞ
የተባለው ይገባኛል። ግን እኛ አፄ ዮሐንስ 4ኛ ትምባሆ ያጨሰውን የቀጡበት አገር ልጆች ነን። ኦርቶዶክሱም፣ ጴንጤውም፣ ሙስሊሙም በዚህ ላይ አይለያይም። ጠቅላላ ጉባኤ ላይ የትምባሆ ደረሰኝ ሲነበብ ማን ይቆማል? በምትኩ ዕጣን፣ ወይም አንድ ኪሎ ይርጋ ጨፌ ይሰጣት። ክብር ክብር ነው።

ካልጋሪ፣ ማክሰኞ
ክብሩን የሚለካው ተቀባዩ ነው እንጂ ሰጪው አይደለም። የባህል ደኅንነት የሚለውን ሐሳብ ያመጣችው የኒውዚላንዷ ማኦሪ ነርስ ኢሪሃፔቲ ራምስደን ያለችውም ይኸው ነው፤ አገልግሎቱ ደኅና መሆኑን የሚፈርደው ታካሚው ነው። በትምባሆ ፈንታ ቡና ማለት ለቅዳሴ በዕጣን ፈንታ ሽቶ ይዞ እንደመሄድ ነው።

ደግሞ ሁሉም አንድ አይደለም። ለኢኑዊት ደንበኛ ትምባሆ ባህሉ አይደለም። ከሜቲስ ቤተሰቦች አጥባቂ ካቶሊክ አሉ፣ ከክሪዎቹ ጴንጤ አሉ። የሴጅ ጭስ መታጠንም እያንዳንዱ ተጠይቆ፣ “አልፈልግም” ያለው ሳይታዘብበት ነው። ሕንፃውም አስቀድሞ ይነገረው፣ የጭስ ማንቂያው እንዳይጮኽ።

የሌሊት ፈረቃ፣ ማክሰኞ
ስለ አዳራሹ ማንም አላነሳም። ከአዳሪ ትምህርት ቤቶቹ አብዛኞቹን ያስተዳደሩት አብያተ ክርስቲያናት ናቸው። ፖፕ ፍራንሲስ በሐምሌ 2022 ማስክዋቺስ፣ ከኤድመንተን በስተ ደቡብ ወዳለው የክሪ መንደር፣ ድረስ መጥተው ይቅርታ የጠየቁት በዚሁ ነው። እዚያ ያደገ ሰው መስቀል ባለበት በር፣ ካህን በቆመበት ኮሪደር አልፎ ስለ መጠጡ ይናገር? የእኛ ቤተ ክርስቲያን በዚያ ነገር የለችበትም፤ ሰውነቱ ግን ይህን ለይቶ አያውቅም። አንገታችን ላይ ያለውን ማተብ በልብስ ውስጥ እናስገባ የሚለውንም እንነጋገርበት።

ገንዘብ ያዥ፣ ረቡዕ
አዳራሹ በዓይነት መዋጮ 6,000 ዶላር ተብሎ ተይዟል። ከወጣ ድርሻችን ከመቶ አሥር በታች ይወርዳል። መስመር 14 ግን ይቅደም። የሰጪው መመሪያ ገጽ 9 ላይ “አልኮል፣ ትምባሆ፣ ካናቢስ አይከፈልም” ይላል። አነበባችሁት?

ሰሜን፣ ረቡዕ
ጉዳዩ አለቀ።

ካልጋሪ፣ ረቡዕ
አላለቀም። ለሥርዓት የሚውለውን ይመለከት እንደሆነ ፕሮግራም ኦፊሰሩን በጽሑፍ እንጠይቅ።

ምዕራብ፣ ረቡዕ
“የባህል ሥርዓት ዕቃ” ብላችሁ ጻፉና ተገላገሉ።

ነርሷ፣ ረቡዕ
ስም ቀይሮ ማስገባት ኦዲት ሲመጣ የጠቅላላውን 62,000 አመኔታ ያሳጣል። ወይ በስሙ ይገባል፣ ወይ ይወጣል። ደግሞ ስለ 180 ዶላር ሦስት ቀን ተጽፎ ስለ ገጽ 7 አንድ ሰው አልመለሰልኝም። ገጽ 7 ሰው ይገድላል።

ሰሜን፣ ረቡዕ ማታ
ባህላችንን ለመጠበቅ የተናገረ ሰው እንቅፋት ሆነ ማለት ነው? ይህን ማኅበር ኪሳችንን አራግፈን ስናቋቁም ዛሬ የሚያስተምሩን የት ነበሩ?

ካልጋሪ፣ ረቡዕ ማታ
አንተ ባህልህን ጠብቅ፤ ግን በእነሱ ስም በሚለመን ገንዘብ አይደለም። በእነሱ ሐዘን ተለምኖ በእኛ ወግ የሚሰጥ ከሆነ ስሜን ከረቂቁ አውጡት።

ገንዘብ ያዥ፣ ረቡዕ ማታ
እንግዲያው በጀቱን የፈለገ ይያዘው።

ጸሐፊ፣ ሐሙስ
ሁላችሁም ተዉ። በጀቱ ከእጅዎ አይወጣም፣ ጋሼ፤ የአንቺም ስም ከረቂቁ አይወጣም። ለፕሮግራም ኦፊሰሩ ጽፌአለሁ። ገጽ 7 ተሰርዞ በነርሷ ቃል ተተክቷል። አዳራሹም ወጥቷል፤ የማኅበረሰብ ማዕከል ክፍል በወር 400፣ በዓመት 4,800 ዶላር ነው። ከራቱ ላይ ተቀንሷል። የፈቃድ ቅጹ የት ደረሰ?

ገንዘብ ያዥ፣ ሐሙስ
በጀቱን ይዣለሁ። የሰሜኑም ሰው ክፉ አልተናገረም፤ የጉባኤውን ፊት ስለሚያውቅ ነው። መልሱ እስኪመጣ መስመሩን ባዶ አደርገዋለሁ።

የሌሊት ፈረቃ፣ ሐሙስ
ከዚህ የከበደ ነገር አለ። የተመዘገቡ ፈርስት ኔሽንስና ኢኑዊት ምክር ሲያገኙ ኤንአይኤችቢ በሚባለው የፌዴራል የጤና ጥቅም በኩል ይከፈላል፤ ለዚያ ግን አማካሪው በሙያው በሕግ ተመዝግቦ ራሱን ችሎ የሚሠራ መሆን አለበት። ከእኛ መካከል ስንቱ ነው? አብዛኞቻችን በመጠለያና በግሩፕ ሆም የምንሠራ ነን፣ ዲፕሎማ ይዘን። ገምጋሚው “ለምን በእናንተ በኩል?” ካለ፣ የምንመልሰው ያ ጥቅም ስለማይደርሳቸው ስለ ሜቲስና ስላልተመዘገቡት ነው። ረቂቁ ግን የሚያወራው ስለ ክሪ ብቻ ነው።

ነርሷ፣ ሐሙስ
ትክክል። የመረጃውን፣ የሰነዱንም ባለቤትነት ጨምሩ። ኦካፕ የሚባለውን መርሕ ገምጋሚዎቹ መጀመሪያ የሚፈልጉት ነው፦ መረጃው የእነሱ ነው፣ የሚቆጣጠሩት እነሱ ናቸው፣ የሚያዩትም የሚይዙትም እነሱ ናቸው። “የስኬት ታሪኮችን በድረ ገጻችን እናወጣለን” የሚለው አንቀጽ ይህን ይጥሳል። ለኦፒዮይድ ሱስ በሐኪም የሚሰጠው ሱቦክሶን ወይም ሜታዶን ላይ ያለ ሰውም “ገና አልነጻም” ተብሎ ከክበብ እንዳይመለስ በግልጽ ይጻፍ። የሥርዓቱን ሕግ ከምክሩ ሕግ ለዩ፤ ለአንዳንድ ሥርዓት ከመጠጥ አራት ቀን መራቅ ይጠየቃል፣ ትናንት የጠጣ ሰው ግን ለምክሩ በሩ ክፍት ነው።

ምዕራብ፣ ዓርብ
እውነቱን እንነጋገር። ኤድመንተን አጠገብ ሴይንት አልበርት ላይ ፓውንድሜከርስ ሎጅ የተባለው የሱስ ማገገሚያ ከ1970ዎቹ ጀምሮ በነባር ሕዝቦቹ በራሳቸው እጅ ሲሠራ፣ እኛ በአሥራ ሁለት ወር ፕሮጀክት ምን እንጨምራለን? የሚጎድለው እኛው ጋ ነው። በሌሊት መጠለያ ውስጥ የሰከረውን ሰው የሚያገኘው የእኛ ልጅ ነው፤ “ለምን አትተወውም?” የሚለውም፣ “እኛም ስደት አይተናል” የሚለውም እሱ ነው። የአዳሪ ትምህርት ቤቶቹን ጉዳይ የመረመረው የእውነትና ዕርቅ ኮሚሽን በ2015 ካወጣቸው 94 ጥሪዎች 23ኛው የጤና ባለሙያዎች ሁሉ የባህል ብቃት ሥልጠና እንዲያገኙ ይላል። ሥልጠና እንጠይቅ፤ 60 አባል፣ ሁለት ቀን፣ በእነሱ አሠልጣኞች።

ሰሜን፣ ዓርብ
ይህን እደግፋለሁ። ትምባሆም የለበትም።

ካልጋሪ፣ ዓርብ
አሠልጣኟ ኤልደር ከሆነች አለበት። ሥልጠናው ግን ይበጃል። “እኛም አይተናል” የሚለው ንግግር የሰውየውን ታሪክ አፉ ላይ እንዳለ ይቆርጠዋል፤ በልምምድ እንጂ በንግግር አይታረምም። ሦስት ሦስት እየሆኑ፣ አንዱ እንዲያዳምጥ ብቻ።

ነርሷ፣ ዓርብ
ቤተሰቦቹስ? አያቲቱ፣ ልጆቿ የተወሰዱባት እናት? የተነሣነው ለእነሱ ነበር።

ጸሐፊ፣ ሰኞ
ረቂቅ 5 ተጭኗል። 31,500 ዶላር። ሥልጠና ሁለት ቀን፣ ከዚያ በወር ሁለት ሰዓት ክሊኒካዊ ክትትል ለስድስት ወር። የቤተሰብ ክበቡ “ሁለተኛ ምዕራፍ” ተብሎ በአንድ አንቀጽ ቀርቷል። ከፕሮግራም ኦፊሰሩ መልስ አልመጣም።

ነርሷ፣ ሰኞ
የናሎክሶን ልምምዱ ከረቂቅ 5 ወድቋል። ይመለስ፣ ሁለት ሰዓት ነው። የአልበርታው ነጻ የመርፌ ኪት ሦስት የመድኃኒት ብልቃጥ ይዟል፣ እያንዳንዱ 0.4 ሚሊ ግራም። ፈንታኒል የሚባለውን ብርቱ ኦፒዮይድ የወሰደ ሰው በአንዱ ላይነቃ ይችላል፤ 911 ተደውሎ፣ ትንፋሽ እየተሰጠው፣ ደቂቃዎች ተጠብቆ ሁለተኛው ይወጋል። ከዲቶክስ የወጣ ሰው የድሮ መጠኑን ቢወስድ እንደሚሞትም ይነገራቸው።

ገንዘብ ያዥ፣ ሰኞ
ሁለት ሰዓቱ ገባ። መስመር 14 አሁን መስመር 6 ነው፣ አሁንም ባዶ ነው። ኤልደሯን ለመጠየቅ ማስክዋቺስ ድረስ የሚሄድ ሰው ማን ነው? ቤንዚኑ ይሸፈናል።

ካልጋሪ፣ ሰኞ
ቅዳሜ እኔ እመጣለሁ፤ ከኤድመንተን አንድ ሰው ይጨመር። ትምባሆውን ከኪሴ እገዛለሁ፣ ደረሰኝ አላቀርብም። በማኅበሩ ስም እንደማልሰጥ ግን ለእሷ እነግራታለሁ።

ሰሜን፣ ሰኞ ማታ
ለምን በማኅበሩ ስም አይሆንም? ይህ ደግሞ እኛን ያሳንሳል።

ነርሷ፣ ሰኞ ማታ
ደቡብ ኤድመንተን ስልኩን አያነሳም። የፈቃድ ቅጹን እኔ ዛሬ እጀምራለሁ፤ ሁለተኛው ምዕራፍ ቢመጣ ያስፈልገናል። ልጅ አደጋ ላይ መሆኑን ካወቅን ለማን እንደምናሳውቅ፣ ምን ምን ደግሞ እንደማናሳውቅ ደንበኛዋ አፏን ከመክፈቷ በፊት በቀላል ቃል ሊነበብላት ይገባል፤ ልጆቿ እንዳይወሰዱባት ፈርታ መጠጧን የምትደብቅ እናት ብዙ ናት። ከጥር 1፣ 2020 ጀምሮ ያለው የፌዴራል ሕግ የነባር ሕዝቦች ልጅ ከቤቱ ሲነሣ ዘመድ ጋ እንዲቀመጥ ቅድሚያ ይሰጣል፤ ያንን አንቀጽ በሥራው የሚያውቅ ሰው ይሙላው፣ እስከ ረቡዕ።