በቡድን ሲማሩ ሁሉም ተማሪ እንዲሠራ ምን ይደረግ?

ጥያቄ (መምህር፣ ከደጀን አካባቢ)
በሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ፊዚክስ አስተምራለሁ። በአንድ ክፍል ያሉት ተማሪዎች ከ60 ስለሚበልጡ በአንድ ለአምስት (አንድ መሪና አምስት አባላት ባሉት ቡድን) አከፋፍላቸዋለሁ፤ ይሁን እንጂ ጎበዙ ጥያቄውን ለብቻው ሠርቶ ሲጨርስ ሌሎቹ ገልብጠው ስማቸውን ብቻ ያሰፍራሉ። በተለይ ከገጠር ቀበሌ መጥተው ቤት ተከራይተው የሚማሩት ልጆች፣ በግል ፈተና ጥሩ የሚሠሩት እንኳ፣ በቡድን ውስጥ ቃል አይተነፍሱም። ቡድኑን ሳላፈርስ ሁሉንም ለማሠራት ምን ባደርግ ይሻላል?

መልስ (ከደብረ ማርቆስ)
መምህር፣ ችግሩ ከልጆቹ ስንፍና ይልቅ ከሥራው አሰጣጥ የመጣ ይመስለኛል። አንድ ሰው ብቻውን ሊወጣው የሚችለው ጥያቄ ለስድስት ሰው ከተሰጠ አንዱ መጨረሱ አይቀርም። ኤልየት አሮንሰን የተባለው የሥነ ልቦና ምሁር እ.ኤ.አ. በ1971 በአሜሪካ ኦስቲን ከተማ የጀመረው ዘዴ ትምህርቱን በአባላቱ ቁጥር ይከፍለዋል፤ ተመሳሳይ ክፍል የደረሳቸው ተማሪዎች ከየቡድኑ ወጥተው አብረው ካጠኑ በኋላ ተመልሰው ጓደኞቻቸውን ያስተምራሉ። ዝምተኛዋ የያዘችውን ክፍል ከቡድኗ ሌላ ያጠናው ስለሌለ፣ ጎበዙም እርሷን መስማት ግድ ይሆንበታል።

መልስ (ከደብረ ኤልያስ)
ይህ ለንባብ ትምህርት ይስማማል፤ ለስሌት ግን እጠራጠራለሁ፤ የመጀመሪያው እርምጃ ያልገባው ሰው ቀጣዩን ሊያስረዳ አይችልምና። እኔ ያደግሁት በቅኔ ቤት ነው። በዚያ ተማሪው በየዛፉ ሥር ብቻውን ሆኖ ቅኔውን ሲቆጥር (በልቡ ሲያዘጋጅ) ይቆይና ከዚያ በኋላ ለነገራ (ያዘጋጀውን ለማሰማት) ይቀርባል፤ ጀማሪውንም አስነጋሪው (የመምህሩ ረዳት) ሰምቶ ያርመዋል። ባዶ እጁን ወደ ነገራ የሚመጣ የለም፤ የአብሮነቱም ብርታት ከዚህ የመነጨ ነው። እርስዎም ጥያቄውን ሰጥተው ለጥቂት ደቂቃ ማንም ሳይነጋገር መልሱንና ምክንያቱን በየደብተሩ እንዲጽፍ ያድርጉ፤ ውይይቱ ከዚያ ይቀጥል። የሃርቫርዱ የፊዚክስ መምህር ኤሪክ ማዙር በ1990ዎቹ (እ.ኤ.አ.) ያስፋፋው ዘዴም ይህንኑ ቅደም ተከተል ይዟል፤ ተማሪው መጀመሪያ በራሱ መልስ ይቆርጣል፣ ከዚያም አጠገቡ ያለውን ለማሳመን ይከራከራል።

መልስ (ከሞጣ)
በዚህ ላይ ውይይቱ ሲያበቃ ወደ ሰሌዳ የሚወጣውን በዕጣ ይለዩ፤ የቡድኑም ነጥብ በእርሱ ማብራሪያ ይወሰን። ጎበዙ ተማሪ ያን ጊዜ ደብተሩን ከማስገልበጥ ይልቅ ጓደኞቹን ማስረዳት ይመርጣል። ደግሞም ተከራይተው የሚማሩት ልጆች ቅዳሜና እሑድ ስንቅ ለማምጣት ወደየቤተሰባቸው ስለሚሄዱ፣ የቡድን የቤት ሥራ በእነዚያ ቀናት ባይሰጥ መልካም ነው።