መብራት ሲጠፋ ለኮንዶሚኒየም ቤት የሚሆን ኢንቨርተርና ባትሪ፦ ምርጫውና አገጣጠሙ

የሰሚቷ፦

ሰላም ለሁላችሁ። ቤቱ አዲስ አበባ ነው፣ ኮንዶሚኒየም ሦስተኛ ፎቅ። መብራት ሲጠፋ ብዙውን ጊዜ ሦስት አራት ሰዓት ይቆያል። እንዲሠሩልኝ የምፈልገው ባለ 9 ዋት አምስት አምፖል፣ የዋይፋይ ራውተር፣ ቴሌቪዥን (ጀርባው ላይ 80 ዋት ይላል)፣ አንድ ላፕቶፕና መካከለኛ ፍሪጅ ናቸው። ምጣድና ስቶቭ ይቅሩ፤ ለእነሱ መብራት እስኪመጣ ይጠበቃል።

ሁለት ምርጫ ቀርቦልኛል። አንደኛው ባለ 12 ቮልት፣ 1,000 ቪኤ ኢንቨርተር (የባትሪውን ኃይል ወደ ቤት ኤሌክትሪክ የሚቀይረው ዕቃ) ከ200 አምፒር-ሰዓት ጄል ባትሪ ጋር። ሁለተኛው ባለ 24 ቮልት፣ 1,500 ዋት ኢንቨርተር ከ100 አምፒር-ሰዓት ሊቲየም ባትሪ ጋር፤ ዋጋው ከፍ ይላል። የትኛው ይሻላል? ገመዱ ምን ያህል መወፈር አለበት? የት ይቀመጥ? ደግሞ ሻጩ «በሁለቱም ጫፍ ስፒና ያለው ገመድ እሠራልሻለሁ፤ አንዱን ኢንቨርተሩ ላይ፣ ሌላውን ግድግዳው ሶኬት ላይ ስትሰኪ ቤቱ በሙሉ ይበራል» ብሎኛል። ይህ ነገር ትክክል ነው?

መስመር ፈታሽ፦

ከመጨረሻው ጥያቄዎ ልነሳ። የባትሪው ምርጫ ይደርሳል፤ ይሄኛው ግን የሰው ነፍስ ጉዳይ ነው። ያንን ገመድ አይቀበሉ፣ ቤትዎም አያስገቡት።

አንዱ ጫፍ ኢንቨርተሩ ላይ ከተሰካ ሌላኛው ስፒና እግሮቹ ላይ 220 ቮልት ተሸክሞ ሜዳ ላይ ነው የሚቀመጠው። ልጅ ቢነካው ምንም የሚከላከለው ነገር የለም። ዋናውን ብሬከር ማውረድ የተረሳ ዕለት ደግሞ ኤሌክትሪኩ በቆጣሪው በኩል ወደ ሰፈሩ መስመር ይወጣል። የሰፈሩ ትራንስፎርመር 15 ሺህ ቮልቱን እንደሚያወርደው ሁሉ፣ በተቃራኒው ሲመገብ 220ውን መልሶ ወደ ሺዎች ያወጣዋል። መስመሩ ኤሌክትሪክ የለውም ብሎ ምሰሶ ላይ የወጣ ሠራተኛ የሚይዘው ያንን ነው። «ሰፈሩን ሁሉ ልመግብ ሲል ኢንቨርተሩ ጭነት በዝቶበት ይዘጋል» የሚሉ አሉ። መስመሩ እርስዎ ብሎክ አጠገብ የተበጠሰ ከሆነ ግን የሚበዛበት ጭነት የለም፤ አይዘጋም። ብሬከሩ ሳይወርድ መብራቱ በድንገት ከተመለሰም ሁለቱ ኃይሎች ተጋጭተው ኢንቨርተሩ ያኔውኑ ይቃጠላል።

ትክክለኛው መንገድ እንዲህ ነው። ኤሌክትሪሺያኑ ከማከፋፈያ ሳጥኑ የመብራቱን መስመርና የሳሎኑን የሶኬት መስመር ነቅሎ ትንሽ ሁለተኛ ሳጥን ውስጥ ያስገባቸዋል። ኢንቨርተሩ ከዋናው ሳጥን በራሱ ባለ 16 አምፒር ብሬከርና በባለ 2.5 ካሬ ሚሊ ሜትር ሽቦ ይመገባል፤ ከኢንቨርተሩ የሚወጣው ደግሞ ወደ ትንሿ ሳጥን ብቻ ይሄዳል። የምጣዱና የስቶቩ መስመር ዋናው ሳጥን ላይ ይቆያል፤ በስህተት እንኳን ባትሪው ላይ ሊያርፍ አይችልም። ከመንግሥት መብራት ወደ ባትሪ የሚያዞረው ቁልፍ ኢንቨርተሩ ውስጥ ከሌለ ውጭ ላይ ቼንጅ ኦቨር ይገጠማል፤ ያውም ፌዙንም (ኃይል ይዞ የሚመጣውን ሽቦ) ኒውትራሉንም (መመለሻውን ሽቦ) አብሮ የሚቆርጥና የሚያዞር፣ መሃሉ ላይ ሁለቱም የሚጠፉበት ዜሮ ያለው።

ቤቱ የኪራይ ከሆነ ሳጥን መነካካት አያስፈልግም። ኢንቨርተሩን እንደማንኛውም ዕቃ ሶኬት ላይ ይሰኩት፤ ቴሌቪዥኑን፣ ራውተሩን፣ ፍሪጁንና አንድ ሁለት የጠረጴዛ መብራት ከኢንቨርተሩ መውጫ ያስነሱ። ብዙ የማያምር ቢሆንም ከሁሉም የሚቀለው አሠራር እሱ ነው።

አምፒር ቆጣሪ፦

ወደ ሒሳቡ እንግባ እህቴ። አምፖሎቹ 45፣ ራውተሩ 12 ገደማ፣ ቴሌቪዥኑ 80፣ ላፕቶፑ 60 ዋት ናቸው። ፍሪጁ ሞተሩ ሲሠራ 120 ዋት ቢወስድም እየበራ እየጠፋ ስለሆነ አማካዩን 50 ያዢለት። ኢንቨርተሩ ራሱ ምንም ሳይሰካበት የሚበላትን 25 ዋት አትርሺ፤ ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚያ ላይ ነው። ድምሩ 272 ዋት ነው፤ ለአራት ሰዓት ወደ 1,090 ዋት-ሰዓት ይመጣል።

ጄሉ በወረቀት 12 በ200፣ ማለትም 2,400 ዋት-ሰዓት ነው። ዕድሜው እንዳያጥር ከግማሽ በታች ማውረድ የለብሽም፣ 1,200 ቀረ። የኢንቨርተሩን ብክነት ስታነሺለት 1,020 ገደማ ነው። በዚያ ላይ 200 የተባለው በ20 ሰዓት ቀስ ብሎ ሲወጣ ነው፤ በአራት ሰዓት ስታወጪው ከዚያ ያነሰ ነው የሚሰጥሽ። ስለዚህ ገና አዲስ ሳለ እንኳ አይበቃሽም። ሊቲየሙ 24 ቢባልም ትክክለኛ ቮልቱ 25.6 ነው፤ በ100 ሲባዛ 2,560 ነው። ሰማንያ በመቶውን ብትጠቀሚና ብክነቱን ብትቀንሺ 1,800 ይተርፍሻል፤ ከስድስት ሰዓት ተኩል በላይ ማለት ነው።

ስትገዢ ሊቲየሙ «ሊቲየም አይረን ፎስፌት» የሚባለው ዓይነት መሆኑን አረጋግጪ። ሲጎዳ እንደ ስልክና ላፕቶፕ ባትሪ ቶሎ አይቀጣጠልም። ኢንቨርተሩ ደግሞ «ፒዩር ሳይን» ይሁን። ርካሾቹ የሚያወጡት ሞገድ ደረጃ ደረጃ ስለሆነ የፍሪጁን ሞተር ያሞቀዋል፣ ያስጮኸዋል። ፍሪጅ ሲነሳ ለቅጽበት ከሚሠራበት ከ5 እስከ 8 እጥፍ ይስባል፤ 120 ዋቱ እስከ 960 ሊደርስ ይችላል። 1,000 ቪኤ የተባለው በዋት ሲቆጠር ብዙ ጊዜ 800 ነው፤ ቴሌቪዥኑና መብራቱ በርተው ሳለ ፍሪጁ ሲነሳ ሊዘጋብሽ ይችላል።

አሁን ወደ ገመዱ። የባትሪው ቮልት ትንሽ ነው ብሎ መናቅ ነው ቤት የሚያቃጥለው። ቮልቱ ሲያንስ አምፒሩ ይበዛል። 1,500 ዋት በ24 ቮልት 70 አምፒር ያህል ነው፤ 800 ዋት በ12 ቮልት 80 አምፒር ገደማ ነው። የመጀመሪያው ምርጫሽ በግማሽ ጉልበት የበለጠ አምፒር ይፈልጋል ማለት ነው። በዚህ ጭነት ላይ ባለ 6 ካሬ ሚሊ ሜትር ገመድ ደርሶ መልስ 3 ሜትር ብትዘረጊ ገመዱ ብቻ ከ50 ዋት በላይ ሙቀት ያወጣል። ከ12 ቮልቱም 0.7 ያህል ይጠፋበታልና ኢንቨርተሩ ባትሪው ያለቀ መስሎት ቀድሞ ይዘጋል። ለ24 ቮልቱ ባለ 25 ካሬ ሚሊ ሜትር የመዳብ ገመድ፣ እያንዳንዱ ከ1.5 ሜትር ያልበለጠ፣ ሁለቱም እኩል ርዝመት። መዳብ የተቀባ የአልሙኒየም ገመድ ገበያ ላይ አለ፤ ጫፉን በቢላ ፋቅ አድርጊው፣ ውስጡ ነጭ ከሆነ መልሺው።

ፊዩዙ የግድ ነው። 100 አምፒር፣ በፖዘቲቩ ላይ፣ ከባትሪው 20 ሳንቲ ሜትር ባልራቀ ቦታ። ፊዩዙ የሚጠብቀው ገመዱን ስለሆነ ኢንቨርተሩ ጋ ቢቀመጥ መሃል ላይ ያለው ገመድ ጠባቂ የለውም።

ጀማሪ ገጣጣሚ፦

ገንዘቡ ካልደረሰ ጄሉ አይናቅ፤ ፍሪጁ ከቀረ አራቱን ሰዓት ይችላል። ለፊዩዙ ደግሞ ቤት ውስጥ የተለመደው 63 አምፒር ብሬከር አይበቃም? ሲያስፈልግ ማውረድም ይቻላል።

አምፒር ቆጣሪ፦

ስለ ጄሉ ልክ ነህ፤ ፍሪጅ ከሌለ ጭነቱ 222 ዋት ነው፣ ለአራት ሰዓት 888፤ ባትሪው አዲስ እያለ ይደርሳል። የመኪና ባትሪ ግን በምንም መልኩ አይሆንም፤ የተሠራው ለጥቂት ሰከንድ ማስነሻ ነው፣ ደጋግሞ ባዶ ሲሆን በወራት ይሞታል። ጄል ተብሎ የሚሸጥ ሁሉም ጄል አይደለምና ባትሪው ይመዘን፤ እውነተኛ 200 አምፒር-ሰዓት ከ50 ኪሎ በላይ ነው።

በብሬከሩ ግን አልስማማም ወንድሜ። የቤት ብሬከር የተሠራው በሰከንድ መቶ ጊዜ ዜሮ ለሚነካ ኤሌክትሪክ ነው፤ ሲከፈት የሚነሳው ብልጭታ ዜሮ ላይ ይጠፋል። የባትሪ ኤሌክትሪክ ዜሮ የለውም። ብሬከሩ ቢወርድም ብልጭታው ውስጡ እየነደደ ይቀጥላል፣ ፕላስቲኩን ያቀልጠዋል። በላዩ ላይ «ዲሲ» (የባትሪ ዓይነት ኤሌክትሪክ) ተብሎ ቮልቱ የተጻፈበት መሆን አለበት። ሊቲየም ደግሞ ፖዘቲቭና ኔጋቲቩ ሲነካካ በሺዎች የሚቆጠር አምፒር ስለሚያወጣ የሚመረጠው ፊዩዝ «ክላስ ቲ» የሚባለው ነው፤ ዲሲ ብሬከር ካስፈለገ ከፊዩዙ በተጨማሪ እንጂ በእሱ ፋንታ አይሁን።

የሰሚቷ፦

እግዚአብሔር ይስጥልኝ። ገመዱን ተውኩት። ሊቲየሙን እወስዳለሁ። ሁለት ነገር ቀረኝ፦ ኒውትራሉ ለምን መለየት እንዳለበትና በረንዳ ላይ ማስቀመጥ እችል እንደሆነ።

መስመር ፈታሽ፦

የዋናው ሳጥንና የትንሿ ሳጥን ኒውትራል ከተቀላቀለ በአንዱ ፌዝ የወጣው በሌላው ኒውትራል ይመለሳል። ሰው ሲነዘር መስመሩን የሚቆርጠው ባለ 30 ሚሊ አምፒር ብሬከር የሚሠራው የሄደውንና የተመለሰውን በማነጻጸር ነውና ያለምክንያት እየዘለለ ያስቸግራል፤ ያኔ የተሰላቸ ሰው ይነቅለዋል። ሌላም አለ፦ ኢንቨርተሩ በባትሪ ሲሠራ ኒውትራሉን ከኧርዝ (ወደ መሬት ከሚወርደው መከላከያ ሽቦ) ጋር ራሱ የሚያገናኝ መሆኑን መመሪያው ላይ ያስፈልጉ። የማያገናኝ ከሆነ መብራት በጠፋበት ሰዓት ያ ብሬከር አይቆርጥም። መፍትሔው ግን ሁለቱን በሽቦ በቋሚነት ማሰር አይደለም፤ በመንግሥት መብራት ጊዜ ሌላ አደጋ ያመጣል። የኢንቨርተሩ የብረት አካል ኧርዝ ላይ መታሰሩን አይርሱ።

በረንዳ ዝናብና ፀሐይ ካልገባበት ይሆናል፤ ክፍት ከሆነ አይሆንም። መኝታ ቤት፣ መውጫ በር አጠገብና ልብስ ወይም ወረቀት የሞላበት ቁም ሳጥን አይሁን። ባትሪው ሲሚንቶ ወለል ላይ፣ ኢንቨርተሩ ግድግዳ ላይ፣ ዙሪያውን 20 ሳንቲ ሜትር ክፍት። አዲስ አበባ ከ2,300 ሜትር በላይ ናት፤ አየሩ ስስ ስለሆነ ዕቃ በደንብ አያቀዘቅዝም፣ ስለዚህ 1,500 ዋት የተባለውን እስከ ጫፉ አይጫኑት። ውሃ የሚጨመርበት የሊድ ባትሪ የሚገጥም ሰው ካለ እሱ ሲሞላ ሃይድሮጅን ያወጣል፤ አየር ውስጥ 4 በመቶ ሲደርስ ይፈነዳልና ዝግ ክፍል ውስጥ አይሆንም።

ባትሪ ሲያብጥ፣ ሲሸት ወይም ሲጨስ ልነቅል ብለው አይጠጉ። ዋናውን ብሬከር ያውርዱ፣ ሰው ያስወጡ፣ በሩን ዘግተው 939 ይደውሉ።

አምፒር ቆጣሪ፦

ሲገጠም ቅደም ተከተሉን አትልቀቂ። ፊዩዙ ሳይገባ ገመዶቹ ሁሉ ይታሰሩ፤ ሰዓትና ቀለበት ይውለቁ፣ የቺያቤው እጀታ በቴፕ ይጠቅለል። ኢንቨርተሩ ላይ ከመታሰሩ በፊት ፖዘቲቭና ኔጋቲቩ በቴስተር ይለካ፤ ለአፍታ ከተገለበጠ ኢንቨርተሩ አይተርፍም። የገመዱ ጫፍ በመጭመቂያ የተጨመቀ የመዳብ ጆሮ ይሁን፣ በመዶሻ የተጠፈጠፈ አይሁን። ቡሎኑ በልኩ ይጥበቅ፦ የላላ መጋጠሚያ 5 ሚሊ ኦህም ብቻ ቢኖረው በ70 አምፒር 24 ዋት ሙቀት እዚያች ነጥብ ላይ ያወጣል። ፊዩዙ መጨረሻ ላይ ሲገባ ኢንቨርተሩ ውስጥ ያሉት ካፓሲተሮች በድንገት ስለሚሞሉ ብልጭ ይላል፣ የባትሪው መከላከያም ሊዘጋው ይችላል። ባለ 50 ኦህም፣ 10 ዋት ሬዚስተር የፊዩዙን ክፍተት አገናኝቶ ሦስት ሰከንድ ያህል ከያዙ በኋላ ፊዩዙን ማስገባት ነው።

ማስተካከያዎቹን ለፋብሪካው አትተዪ። እንደ ያንቺው ላለ ባለ 24 ቮልት (ስምንት ሴል) ሊቲየም መሙያው 28.4 ቮልት፣ ሲሞላ መቆያው 27፣ መዝጊያው 24፤ «ኢኳላይዜሽን» የሚባለው ለሊድ ባትሪ የሚሆን ከፍ ባለ ቮልት መሙያ ይጥፋ። የመሙያ አምፒሩ 30 ይሁን፤ ያ ብቻውን ከመስመሩ 900 ዋት ይስባል። ብዙ ኢንቨርተሮች ላይ «ዩፒኤስ» እና «አፕላያንስ» የሚል ምርጫ አለ። በመጀመሪያው የመስመሩ ቮልት ከ170 ሲወርድ ወደ ባትሪ ይዞራል፤ በሁለተኛው እስከ 90 ድረስ ዝም ብሎ ያሳልፋል። ማታ ማታ ቮልት በሚወርድበት ሰፈር ዩፒኤስ ላይ ሲሆን መብራት ሳይጠፋ ባትሪው ያልቃል። ቢሆንም ፍሪጅ ላለበት ቤት ዩፒኤሱ ይሻላል፤ በ120 ቮልት የሚንገታገት ሞተር ይቃጠላል። ፍሪጁ ላይ ደግሞ መብራት ሲመለስ ከ3 እስከ 5 ደቂቃ የሚያቆይ መከላከያ ይደረግ።

ባትሪው ልክ መሆኑን ለማወቅ ሙሉ በሙሉ ሞልተሽ ኢንቨርተሩ የሚበላውን ጨምሮ 250 ዋት ጫኚበትና ሰዓት ያዢ። ዘጠኝ ሰዓት አካባቢ ካልቆየ የተጻፈበት ቁጥር ውሸት ነው፤ ዋስትናው ሳያልፍ መልሺው። በሙሉ ጭነት ግማሽ ሰዓት ከሠራ በኋላ መጋጠሚያዎቹ እጅ የሚያቃጥሉ ከሆነ ዝጊው፤ ቀዝቅዞ ፊዩዙ ከወጣ በኋላ ይፈታና እንደገና ይታሰር። ከወር በኋላ ደግሞ ቡሎኖቹ ይፈተሹ፤ መዳብ ሲሞቅና ሲቀዘቅዝ ይላላል።