ስለ «ፕላውደን» የቤተሰብ ስም አመጣጥ እርዳታ እጠይቃለሁ

በእንግሊዝ አገር እምብዛም የማይገኘውን «ፕላውደን» የተባለ የቤተሰብ ስም መከታተል የጀመርኩት፣ እ.ኤ.አ. በ1849 ከራስ አሊ ጋር የወዳጅነትና የንግድ ውል የተዋዋለውን፣ በኋላም የአፄ ቴዎድሮስ ወዳጅ ሆኖ በ1860 ጎንደር አጠገብ በሸፈቱ ሰዎች ቆስሎ የሞተውን የእንግሊዝ ቆንስል ዋልተር ፕላውደንን ታሪክ ሳነብ ነው። ስሙ ሽሮፕሻየር በተባለው የእንግሊዝ አውራጃ ከሚገኝ፣ እስከ ዛሬ በዚሁ ስም ከሚጠራ ቦታ የመጣ ሲሆን፣ በጥንታዊው እንግሊዝኛ «ፕሌጋ» ጨዋታ፣ «ዴኑ» ደግሞ ሸለቆ ማለት በመሆኑ «የጨዋታ ሸለቆ» ተብሎ ይፈታል፤ ይህ ፍቺ እኔን እጅግ ማርኮኛል። ታዋቂው የሕግ ሊቅ ኤድመንድ ፕላውደንም (1518–1585) የተወለደው እዚያው ነው።

የተቸገርኩት ሁለቱን ሰዎች የሚያገናኘውን የትውልድ ሐረግ በሰነድ ማረጋገጥ ላይ ነው። አጥቢያዎች መዝገብ እንዲይዙ የታዘዘው በ1538 ቢሆንም፣ የኤድመንድ ቤተሰብ በካቶሊክ እምነቱ በመጽናቱ ልደቱም ጋብቻውም በእንግሊዝ ቤተ ክርስቲያን መዝገብ ሁልጊዜ አይገኝም። ስለዚህ በሽሩዝበሪ የሚገኘውን የሽሮፕሻየር ቤተ መዛግብት የተጠቀማችሁ፣ ወይም የእንግሊዝ ካቶሊክ ቤተሰቦችን የዘር ሐረግ የመረመራችሁ ወገኖች፣ ከኑዛዜዎችና ከመሬት ውል ሰነዶች የትኛውን አስቀድሜ ብመለከት እንደሚሻል ብትጠቁሙኝ ውለታችሁን አልረሳም።